ታንክን አሳንሶ ስለ መሥራት

ታንክን ከጭቃ ወይም ከቆርቆሮ አሳንሶ መሥራት የልጅ ጨዋታ ነው፤ ስለ ልጅ ጨዋታም ሒስ አይጻፍም የሚል አስተያየት አለ። አስተያየቱ በግልጽ ተጽፎ ባይገኝም በሥራ ላይ ሲውል ይታያል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫና በሺንሺቾ የተማሪዎች የእጅ ሥራ ለዕይታ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ታንክ አይጠፋም። ከሸክላ አፈር የተቦካ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ፣ ቆርኪ መንኮራኩር የሆነለት፣ የአገዳ አፈ ሙዝ የተሰካለት ታንክ ነው። ከጎኑ ያለው የኢትዮጵያ ካርታ ተራሮቹ ያለ ቦታቸው ቆመዋል ተብሎ ይታረማል። የሰው ልብ ሥዕል የደም ሥሮቹ አቅጣጫ ተሳስቷል ተብሎ ይነቀሳል። ታንኩ ዘንድ ሲደረስ ግን ጎብኚው «ጎበዝ!» ብሎ ያልፋል። እርማትም ነቀፌታም የለም፤ ስለዚህም ትምህርት የለም።

ይሁንና ታንኩ ዝም ያለ ሥራ አይደለም። ሠሪው ዐወቀውም አላወቀው፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሰው የሚናገረው ነገር አለ። በመጀመሪያ የልጁ ታንክ ትልቅ ነው። አጠገቡ ሰው ከቆመ፣ ብዙ ጊዜ አይቆምም እንጂ፣ ያ ሰው የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጭቃ ናት፤ ፊት የላትም፣ እጆቿ ከጎኗ ተጣብቀዋል። አፈ ሙዙ ከታንኩ አካል ይረዝማል። መሬቱ ደግሞ ጭራሹን የለም። ታንኩ የቆመው በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ነው።

ይህን አላዋቂነት ብቻ ብሎ መዝጋት ስሕተት ነው። ልጁ ሳያጠናው የወረሰው ሥርዓት አለ። በአብያተ ክርስቲያናቶቻችን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ከአገልጋዩ ገዝፎ፣ ፊቱ ሙሉ ሆኖ ይሣላል፤ ክፉው በአንድ ጎን ፊቱና በአንድ ዓይኑ ይታያል። በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም የእኛ ሰዎች በሁለት ዓይን ይመለከቱናል፤ ጠላት ግን አንድ ዓይን ነው ያለው። በዚህ ሥርዓት መጠን ማለት ማዕረግ ማለት ነው፤ የራቀና የቀረበ፣ የረዘመና ያጠረ የሚለካበት ሜትር አይደለም። እንግዲህ ልጁ ታንኩን ሲያገዝፍ በዚያው ቋንቋ እየተናገረ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የጥንቱ ሠዓሊ ያገዘፈው ሰውን ነበር፤ ልጁ ያገዘፈው ብረትን ነው። ለሐያሲ የሚሆነው ጉዳይ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ታንክን አሳንሶ መሥራት ሕግ ያለው ጥበብ ሆኗል። የመጀመሪያው ሕግ ልክ ነው። በጣም የተለመደው 1 ለ35 ይባላል፤ በአካል 35 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሁሉ በአምሳያው 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አንባቢ ይህ ቁጥር ከከፍተኛ ስሌት የተገኘ እንዳይመስለው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የሚባለውን የጀርመን ታንክ አሳንሶ ሲሠራ፣ ሞተሩና የባትሪ ድንጋዮቹ በሆዱ ውስጥ እንዲገቡ የሚያስፈልገውን ስፋት ለካ፤ የተገኘው ልክም ይኸው ሆነ። ሌሎች ፋብሪካዎች ተከተሉት። የባትሪ ድንጋይ የወሰነው ልክ የአንድ ጥበብ መሠረት ሆነ ማለት ነው። በእኛ በግጥሙ ዓለምም የዜማው ስፋት የስንኙን ርዝመት ወስኖ ከቆየ በኋላ የቅኔ ሕግ ተብሎ የሚከበርበት ጊዜ አለና ብዙ አያስገርምም።

ሁለተኛው ሕግ መሬት ነው። ታንኩን፣ ሰዉን፣ ዛፉን፣ ጭቃውንና የፈረሰውን ግድግዳ በአንድ ልክ አሳንሶ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ ቅጽበት አቁሞ የሚያሳየው ሥራ ዲዮራማ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከፓሪስ ነው። ፎቶግራፍን ከፈለሰፉት አንዱ የሆነው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1822 በብርሃን የሚለዋወጥ ታላቅ ሥዕል ለሕዝብ ሲያሳይ ትዕይንቱን በዚህ ስም ጠራው። በኋላ ስሙ ወደ ትንሹ ሰሌዳ ወረደ። አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአምሳያ ሳጥኖች ጋር ይታደሉ በነበሩ ወረቀቶችና እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ያስተማረው ዋና ነገር፣ ዲዮራማ ታሪክ የሚናገር ሥራ እንደ ሆነ ነው። ለተውኔት ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመድረክ ነዳፊም መድረኩን አሳንሶ፣ ብዙ ጊዜ 1 ለ25 አድርጎ፣ በካርቶን ይሠራዋል። ግን የመድረኩ አምሳያ ተዋናዩን ይጠብቃል፤ ገና ነው። ዲዮራማ ተዋናዩ ንግግሩን በመሐል አቋርጦ የቆመበት መድረክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቀጣይ ቃል የለውም። ስለዚህ ቅጽበቱን መምረጥ የሥራው ግማሽ ነው።

ልክ የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራ ለማየት ከራሳችን ታሪክ አንዱን እንውሰድ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና መተላለፊያ ከጣሊያን ታንኮች ጋር ተገናኘ። የእኛ ሰው በእጁ የነበረው ጠመንጃና ጎራዴ ነው። ታንኮቹ ግን ተሸነፉ፤ ተዋጊዎቹ ከጎንና ከኋላ እየቀረቡ፣ ላያቸው ላይ እየወጡ ማረኳቸው። ይህን ታሪክ ስንተርክ ታንኩን እንደ ተራራ፣ ተዋጊውን እንደ አንበሳ አድርገን ነው፤ ግጥሙም ይህንኑ ይወድዳል። በልክ የሚሠራ ሰው ግን መጀመሪያ ሜትሩን ይጠይቃል። ሲ.ቪ. 33 የሚባለው ያ ታንክ ክብደቱ 3 ቶን ያህል፣ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ከፍታው ግን 1 ሜትር ከ30 የማይሞላ ነው። በ1 ለ35 ሲሠራ ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 4 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ይሆናል። አጠገቡ የሚቆመው 1 ሜትር ከ70 የሆነ ወታደር 5 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ማለት ታንኩ የሚደርሰው ከሰውየው ደረት ነው! በላዩም የሚሽከረከር ራስ የለውም፤ መትረየሱ ከፊቱ ላይ የተተከለ ስለሆነ ወደ ኋላ መተኮስ አይችልም። ሁለቱ ሰዎች በውስጡ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው የሚመጣውን አያዩም።

ይህ ልክ የጀግንነቱን ዋጋ ይቀንሰዋልን? እኔ እንደሚመስለኝ ያብራራዋል። ገድል የነበረው ነገር ዕውቀት ይሆናል፤ ከኋላ የቀረበው ተዋጊ የማሽኑን ጉድለት በዐይኑ አይቶ፣ ለክቶ፣ የገባበት አሳቢ ሰው እንደ ሆነ ይታያል። ታንኩን እንደ ተራራ ያገዘፈው ግጥም ይህን ሰው ሊያሳየን አልቻለም። የሚንቀለቀል ቁጣ ብቻ አሳየን።

የአገራችን የጦርነት ቅርፃ ቅርፅ ግን እስካሁን በግዙፉ መንገድ ነው የተጓዘው። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች እገዛ ተሠርቶ በ1977 ዓ.ም. መባቻ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ቁመቱ 50 ሜትር ነው። በግራና በቀኙ በቆሙት ግድግዳዎች ላይ ታሪክ በረድፍ ተቀርጿል። በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት፣ በቤልጎሮድ ከተማ፣ የኩርስክን የታንኮች ጦርነት የሚያሳይ ዲዮራማ እ.ኤ.አ. በ1987 ተከፈተ፤ ሸራው 67 ሜትር በ15 ሜትር ሲሆን ከፊቱ እውነተኛ አፈርና የጦር መሣሪያ ተደርጎበታል። የካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያም የሕንጻና የሐውልት ግዙፍነትን የመረጠ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ አልነቅፍም። ግዙፍ ሥራ የሚታየው ከሩቅ፣ ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ ነው፤ ሰልፍ የሚፈልግ ስሜት አለ፣ ያንን ያገለግላል።

የሚያስቸግረው የዋና ከተማው ግዝፈት ወደ ትንንሽ ከተሞች በሲሚንቶ ሲገለበጥ ነው። አደባባይ ላይ በችኮላ የቆመ፣ እጁ ከእግሩ የረዘመ፣ በየበዓሉ የዘይት ቀለም የሚቀባ ወታደር የማያውቅ ከተማ ጥቂት ነው። ለእንዲህ ያለው ሐውልት የሚወጣው ሲሚንቶና ብረት ስንት የጠረጴዛ ላይ ሥራ ያሠራ ነበር! ትንሽ ሥራ ለትንሽ ከተማ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ሐውልቱ ቀና ብለህ እንድታየው ያስገድድሃል፤ ዲዮራማው ጎንበስ ብለህ እንድትመረምር ይጋብዝሃል። መርማሪ ተመልካች ለማፍራት የሚፈልግ መምህር የሚመርጠው የትኛውን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ምርመራው ምን ያህል ጠንካራ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በእንግሊዝ አገር አለ። ዊልያም ሲቦርን የተባለ መኮንን የዋተርሉን ጦር ሜዳ በታላቅ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1838 ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ከ70 ሺህ የሚበልጡ የቆርቆሮ ወታደሮች ነበሩበት። ሲቦርን በሕይወት ያሉትን መኮንኖች በደብዳቤ እየጠየቀ፣ ማን የት እንደ ቆመ እየመዘገበ ነበር የሠራው። ከዚህ የተነሣ ፕሩሲያውያኑ በጊዜ ደርሰው፣ በብዛት ተሰልፈው ታዩ። ይህ የዌሊንግተንን መስፍን አላስደሰተም፤ ድሉ የእንግሊዞች ብቻ ሆኖ እንዲታይ የሚፈልጉ ብዙዎች ነበሩና። በመጨረሻ ሲቦርን 40 ሺህ ያህል የፕሩሲያ ወታደሮችን ከሰሌዳው ላይ ነቀለ። ሥራው እንዲህ ሆኖ ዛሬ ለንደን በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል። የቆርቆሮ ወታደር ማንሳትና ማስቀመጥ የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው? በሰሌዳ ላይ የሚቆም እያንዳንዱ ትንሽ ሰው «እኔ እዚህ ነበርሁ» ይላል፤ የተነቀለውም አልነበረም ይባላል።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ለሐዲያና ለከምባታ ከተሞች የሚሆን የታንክ ታሪክ ከየት ይገኛል የሚል ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ቁልቁል ይመልከት። ከዱራሜ ደጋ ወርዶ ሃላባ ቁሊቶ ሲደርስ፣ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ አባያ ሐይቅ የሚገባው ብላቴ ወንዝ አጠገብ ነው። ብላቴ ለአንድ ትውልድ በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች የዘመቱበት የጦር ማሠልጠኛ ስም ነው። ከዚያ 50 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ይህ ወንዝ የታንክ ጦርነት አይቷል።

ቀኑ ግንቦት 11፣ ዓመቱ 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ 14 ቀን ሆኗል፤ በደቡብ ያለው የጣሊያን ጦር ግን ገና አልተሸነፈም። ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ከሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሁለት ሻምበሎች በከባድ ተኩስ ውስጥ ብላቴን ተሻግረው ማዶውን ያዙ። በዚህ ጊዜ የጣሊያን ታንኮች፣ መካከለኞችም ቀላሎችም፣ ሳይታሰብ ከቁጥቋጦው ውስጥ ወጡባቸው። ናይጀል ግሬይ ሊኪ የሚባል፣ በኬንያ የተወለደ እንግሊዛዊ ሃምሳ አለቃ የሞርታር ጥይቱን ጨርሶ ስለነበር ወደ ፊት ሮጠ። ከወገን ጦር በስተኋላ በመጣው ታንክ ላይ ዘልሎ ወጣ፤ የላይኛውን ክዳን ፈልቅቆ አዛዡንና ሌሎቹን በሽጉጥ ገደለ፤ ሹፌሩን አስገድዶ ታንኩን ወደ መከለያ አስነዳ። በታንኩ መድፍ ለመተኮስ ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ወረደ። ከአንድ አፍሪካዊ የሻምበል ባሻና ከሌሎች ሁለት አስካሪዎች ጋር ሆኖ የቀሩትን ታንኮች በእግሩ ማደን ያዘ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታንኮች አለፉ። በሦስተኛው ላይ ዘልሎ ክዳኑን ከፈተ፣ አንዱንም ገደለ፤ ከአራተኛው ታንክ የተተኮሰ መትረየስ ግን ከላዩ ላይ ጣለው። ከ3 ቀን በኋላ ሶዶ ተያዘች። በ1938 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ የሆነው ቪክቶሪያ ክሮስ ለሊኪ መሰጠቱ ታወጀ። ባሻውና ሁለቱ አስካሪዎች በዚያው ዐዋጅ ተጠቅሰዋል፤ ስማቸው ግን የለም።

ለሰሌዳ ሥራ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ በአካባቢው አላውቅም። ግን የትኛው ቅጽበት ይሠራ? የሰለጠነ የውጭ አምሳያ ሠሪ የሚመርጠውን ለመገመት አይከብድም። ሊኪ በታንኩ ላይ ቆሞ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሽጉጡ ተደግኖ። ቅጽበቱ ያማረ ነው፤ ቅርፁም ወደ ላይ የሚወጣ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ዐይን ይስባል። ጉዳቱ አንዱን ሰው ከሌሎቹ በላይ ማውጣቱ ነው። ጣሊያኖች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመጡት ኤም 11/39 የሚባለው መካከለኛ ታንክ በ1 ለ35 ሲሠራ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በላዩ የቆመ ሰው ከመሬት 11 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሦስቱ አፍሪካውያን ደግሞ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ሆነው ይቀራሉ። ልኩ ሳይዛባ ማዕረጉ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ሌላውን ቅጽበት እመርጣለሁ። ሁለቱ ታንኮች አልፈዋል፤ ሦስተኛው እየመጣ ነው። አራቱ ሰዎች በሣሩ ውስጥ ተጋድመው ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ የአራቱም ቁመት አንድ ነው፤ ሜዳዩ ገና አልመጣም፣ አምስት ሚሊ ሜትርም አይጨምርም። ታንኩ ላይ መዝለል አንድ ሰከንድ ነው፤ ሁለት ታንክ አሳልፎ መጠበቅ ግን የአእምሮ ሥራ ነው፤ የሠሩትም አራቱ ናቸው። የተውኔት ሰው ያውቀዋል፤ መድረክ ላይ ከጩኸቱ ይልቅ ከጩኸቱ በፊት ያለው ዝምታ ተመልካችን ወንበሩ ላይ ይቸነክረዋል።

ስፋቱም ይፈቅዳል። 1 ሜትር ሰሌዳ በዚህ ልክ 35 ሜትር መሬት ነው። የወንዙን መሻገር፣ የሻምበሎቹን ሰልፍ፣ ኮረብታውን ሁሉ ላስገባ የሚል ሰው የትምህርት ቤት አዳራሽ አይበቃውም። አንድ ያለፈ ታንክ፣ አንድ የሚመጣ ታንክ፣ አራት ሰዎች ግን በ1 ሜትር ሰሌዳ ላይ ይበቃሉ።

ስለ መሬቱ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ የሚነሣ ሠሪ በደጃፉ ያለውን እንሰት ሊተክልበት ይፈተናል። እንሰቱም ያምራል፤ 5 ሜትር የሆነ እንሰት በ1 ለ35 ከ14 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ታንኩን በርዝመት ያስከነዳል። ነገር ግን ያ የጦር ሜዳ የቆላ ሜዳ ነው፤ የግራርና የቁጥቋጦ አገር። ታንኮቹ የወጡት ከቁጥቋጦ ነው፤ ቁጥቋጦው ከሌለ ድንገተኛነቱ የለም፣ ታሪኩም የለም። እንሰቱን ለሌላ ሰሌዳ እናቆየው። ቃጫው ግን ይፈለጋል። በቀጭኑ ተቆርጦ፣ በሻይ ቅጠል ውኃ ተነክሮ፣ በሙጫ ከተተከለ የግንቦትን ሣር ከፋብሪካ ከሚመጣው ሣር አስበልጦ ይመስላል። ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ የአንድ የሃላባ ጎጆ ግድግዳ ቢታይ አልቃወምም፤ የሃላባ ቤቶች በግድግዳ ሥዕላቸው የታወቁ ናቸውና። ረጅሙን የሣር ባርኔጣ ያደረገ ገበሬ ግን በታንኮቹ መካከል አይቁም። ለጌጥ ብቻ የገባ ሰው ውሸት ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ አገሬው ራሱ የት አለ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ባርኔጣ በማስገባት አይመለስም። በምሥራቅ አፍሪካ በጣሊያን ሥር የተሰለፈው ጦርም አብዛኛው አፍሪካዊ ነበር። በሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ስም አፍሪካዊ ከአፍሪካዊ ጋር በእኛ ወንዝ ዳር ተዋጋ። ይህን ዲዮራማው በአራት ሰዎች ሊናገር የሚችለው፣ ሦስቱ ፊት ሲኖራቸው ብቻ ነው። ፊት ማለት በ5 ሴንቲ ሜትር ሰው ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ቦታ ነው። አስቸጋሪ ነው፤ ግን ልጁ ፊት አልባ ጭቃ ሲሠራ «ጎበዝ» ብሎ ያለፈ ጎብኚ ሊጠይቀው ይገባ የነበረው ይህንኑ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ እጅ በአካባቢው መኖሩ የታወቀ ነው። በፕላስቲክ የተሞላ የታሚያ ሳጥን የአስተማሪ ደመወዝ የሚቀምሰው ዕቃ አይደለም፤ ደግሞም ሳጥኑ ታንክ እንጂ ብላቴን አይሰጥም። አፈሩን የሚያውቁት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። በሐዲያና በከምባታ እነዚህ ባለሙያዎች ለብዙ ዘመን በንቀት ስም ሲጠሩ፣ ከመሬትና ከጋብቻ ሲገለሉ የኖሩ ናቸው። ድስታቸውና ጀበናቸው በየቤቱ ሲገባ እነሱ ከበረንዳ አላለፉም። የትኛው አፈር ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ከአሸዋ ጋር መቀላቀል እንዳለበት፣ ቀጭን ነገር በምን ያህል እሳት እንደሚተኮስ የሥነ ጥበብ መምህሩ ከመጽሐፍ የሚፈልገውን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በእጁ ያውቀዋል። ያ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ይህን ዕውቀት የሚደብቀው እንዳይሰደብ ነው። መምህሩ በቅድሚያ ሊያፈርሰው የሚገባ ምሽግ ይኸው ነው፤ ከታንኩ በፊት።

አንድ መቃወሚያ ቀርቷል፤ ከቀላሉም አይደለም። ልጆችን ታንክ ማሠራት ጦርነትን ማስወደድ ነው የሚሉ አሉ። ከእነዚህ ከተሞች በብሔራዊ ውትድርና ዘመን ወደ ሰሜን ሄደው፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው የድንበር ጦርነት ተሰልፈው፣ በቅርቡም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ዘምተው ያልተመለሱ ልጆች አሉ። የእነሱ እናት ወደ ትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ብትመጣ ምን ታያለች? የጨርቅ ላይ ታንክ ብታይ ምንም አታይም። በበዓል ዋዜማ በበላይ ትእዛዝ የተሠራ፣ ሰንሰለቱ ያልቆሸሸ፣ ባንዲራ የተሰካበት ታንክ ብታይ ልጇ የሄደበትን ነገር አታይም። ለዚህ ሁለተኛው ዓይነት መቃወሚያው ፍጹም ትክክል ነው፤ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ። ክልከላው ግን አያዋጣም። ልጁ ከክፍል ወጥቶ በወንዝ ዳር ይሠራዋል፤ ያኔም የጣት ጫፍ የምታህለው ፊት አልባ ጭቃ እንደ ሆነች ትቀራለች። በልክ መሥራት የተማረ ልጅ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታንኩን ትቶ በሰውየው ላይ ይደክማል፤ ሰውየው የበለጠ ያስቸግራልና። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው ወይስ እስከ ቁርጭምጭሚቱ? ጫማ ነበረው? ከስንት ሰዓት ጀምሮ ውኃ አልጠጣም? እነዚህን የሚጠይቅ ልጅ ጦርነትን ሊወድድ ይችላል ብዬ አልሰጋም።

ስለ አቀራረቡም ጥቂት ነገር እንበል። ሰሌዳው በአዋቂ ጉልበት ከፍታ መቀመጡ የተለመደ ነው፤ ከላይ የሚመለከት ሰው ሁሉንም እንደ አውሮፕላን ያያል፣ ታንኩም ጉንዳን ይሆናል። የቁሊቶው ሰሌዳ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ከፍ ቢል የ10 ዓመት ልጅ ዐይን ከሣሩ ጋር ይስተካከላል፤ ታንኩ የሚመጣበትን አራቱ ሰዎች ባዩት አንግል ያየዋል። አዋቂው ጎንበስ ይበል። ከታች የሚለጠፈው ጽሑፍ ቀኑን፣ ወንዙን፣ የሊኪን ስም ይያዝ፤ ከዚያም በዚያው የፊደል መጠን «የሻምበል ባሻ፤ አስካሪ፤ አስካሪ» ተብሎ ከየማዕረጉ ፊት ለስም የሚሆን ባዶ ቦታ ይተው።